በድርሻ የሚያቀናብረው የጅማ ስቱዲዮ፦ ዘፈኔን አሠርቼ ያየሁት

ጅማ ውስጥ ብር ሳይቀበል፣ ከዘፈኑ ገቢ ድርሻ ይዞ የሚያቀናብር ስቱዲዮ አለ ሲባል ሰምታችሁ እውነት ነው ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው። ዘፈኔን እዚያ ነው ያሠራሁት። ሥራቸውን ወድጄዋለሁ፣ ሰዎቹም ቀና ናቸው። ግን "በነፃ ይሠራሉ" የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ውሉም ዝም ተብሎ የሚፈረም አይደለም፤ ቁጭ ብሎ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ መስመር በመስመር መነጋገር ይፈልጋል። የስቱዲዮውን ስም አልጽፍም። በድርሻ የሚይዙት ሥራ ትንሽ ስለሆነ ሰው እንዳይጎርፍባቸው ባለቤቱ ለምነውኛል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው፤ ጅማ ላይ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ጠይቆ አያጣውም።

መጀመሪያ ስለ ድምፁ። ድምፁ ጥሩ ካልሆነ ስለ ድርሻ ማውራት ምን ያደርጋል? ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅና በምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ዘፋኙ የሚቆምበት ቦታ በመስታወት ተለይቷል። ማይኩ ደህና ነው፣ ቀስ ብለሽ የምትዪውን ሁሉ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተር አላቸው፣ ሥራው አይቆምም። የሚያስቸግረው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ነው። የጅማን ዝናብ የምታውቁት ነው፤ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ሲጀምር እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ መቅረጽ አይታሰብም። ኮርኒሱን ደረብ አድርገው ቢሠሩት ይሄ ችግር በጣም ይቀንስ ነበር፣ ነግሬያቸዋለሁም። እስከዚያው ቀጠሮ ስትይዙ ጠዋት ያዙ።

አቀናባሪው የስቱዲዮው ባለቤት ራሳቸው ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከኢንተርኔት የወረደ ሉፕ (ተዘጋጅቶ የሚደጋገም የሙዚቃ ቁራጭ) አይጠቀሙም። ከበሮና ቤዙን በኪቦርድ ይሠሩታል፣ ለማሲንቆና ለሳክስፎን ግን ሰው ያስጠራሉ። ይሄ ለጆሮ ብቻ አይምሰላችሁ። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል አሠራር አለው፤ ዘፈናችሁ ውስጥ ያለ ድምፅ ከሌላ ሰው ከተመዘገበ ሥራ ጋር ከገጠመ ያ ሰው ገቢውን ወደራሱ ማድረግ ይችላል፣ ክርክር ከተነሳም ገንዘቡ ጉዳዩ እስኪለይ ይያዛል። ብሩን በቁርጥ ተቀብሎ የሄደ አቀናባሪ ዘፈኑ ላይ ነገ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ቢገባ አይነካውም። በድርሻ የሠራ ግን የራሱም ገንዘብ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ይጠነቀቃል። ጋሼ አንዲት የጭብጨባ ድምፅ ከየት እንደመጣች እርግጠኛ ስላልሆኑ አጥፍተው ራሳችንን አስጨብጭበው ቀርጸውናል። የዚህን አሠራር ትልቁን ጥቅም ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ አቀናባሪው ዘፈኑን የራሱ አድርጎ ይሠራዋል።

ለምን በድርሻ እንደሚሠሩ ጠይቄያቸው ነበር።

"ስሚ እህቴ" አሉኝ፣ "በካሴት ጊዜ ቅንብሬን ሠርቼ ብሬን ተቀብዬ እወጣ ነበር። ካሴቱ አገር ምድሩን ሲያዳርስ እኔ ያው የተቀበልኳትን በልቼ ጨርሻለሁ። አሁን ባመንኩበት ሥራ ላይ ልጠብቅ ብዬ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ለረጅም ጊዜ የተለመደው ሙዚቃ ቤቱ አልበሙን በቁርጥ ገዝቶ ሲሸጥ መኖሩ ነው። አቀናባሪና ተጫዋች ከሽያጩ ላይ ቀጣይ ድርሻ የሚባል ነገር እምብዛም አያውቁም። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያስጀምር ሐሳቡ ባለሙያው ከሥራው በቀጥታ እንዲያገኝ ነበር። ይሄን ጥያቄ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን አቀናባሪም ማንሳቱ አይገርመኝም። ዘፋኝ ቢያንስ መድረክ አለው።

ሁሉንም ሰው በድርሻ አይቀበሉም። ዴሞውን (ለናሙና የተቀዳውን ዘፈን) ይሰማሉ፣ ካላመኑበት "ይሄን በብር እንሥራው" ይላሉ። አንዳንዱ ይሄን እንደ ንቀት ይወስደዋል። እኔ ግን ትክክል ናቸው እላለሁ። ለመጣ ዘፈን ሁሉ እሺ የሚል ስቱዲዮ ወይ በደንብ አይሠራውም ወይ በዓመቱ ይዘጋል።

አሁን ወደ ክፍያው። በድርሻ የሚሆነው የቅንብሩና የሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች የማዋሃዱ፣ ድካም ብቻ ነው። የማሲንቆ ተጫዋቹና የሳክስፎኑ ልጅ እጅ በእጅ ይከፈላቸዋል፣ መከፈልም አለባቸው፤ ለአንድ ቀን ተጠርተው የመጡ ሰዎች የእኔን ዘፈን ዕድል የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። ማስተሪንጉ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ አዲስ አበባ ይላካል፣ እሱም በብር ነው። ክሊፕ ካሰባችሁ ደግሞ ወጪው ለብቻው ነው። ባዶ እጅ አይኬድም።

መጀመሪያ ያቀረቡልኝ ሐሳብ 30 በመቶ ለስቱዲዮው፣ 70 በመቶ ለእኔ የሚል ነበር፣ ማብቂያ የሌለው። 30 በመቶው አልበዛብኝም። ማብቂያ ማጣቱ ነው ያልተዋጠልኝ። ተነጋግረን እንዲህ አደረግነው፦ በብር ቢሆን ያስከፍሉኝ የነበረውን ዋጋ እጥፍ እስኪያገኙ 30 በመቶ ይወስዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ድርሻቸው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። እጥፍ ለምን ያላችሁኝ አላችሁ። ዘፈኑ ምንም ላያስገባ ይችላላ! ያን ጊዜ የድካሙ ኪሳራ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። ይሄን አደጋ የተሸከመ ሰው ዋጋውን ብቻ መልሶ እንዲወስድ መጠበቅ ግፍ ነው።

ስሌቱን እዩት። የቅንብርና የሚክሲንግ ዋጋው 40,000 ብር ነው እንበል። በ30 በመቶ ድርሻ ያቺን 40,000 ለመመለስ ብቻ ዘፈኑ ከ133,000 ብር በላይ ማስገባት አለበት። እጥፉን ለማግኘት ደግሞ ወደ 267,000 ብር። ለጀማሪ ዘፋኝ ይሄ ቀላል አይደለም። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን የሪከርዲንግ ሮያሊቲ (ለቀረጻው ባለመብት የሚሰጥ ክፍያ) አይከፍልም፣ አንድ ጊዜ ተሰማ የሚባለውም ቢያንስ 30 ሰከንድ ከሄደ ነው። ዩቲዩብ ላይ ቻናሉ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበር፣ ከዚያ ላይ በ12 ወር 4,000 የታየ ሰዓት ይፈልጋል፤ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ። ያንን ካለፈም በኋላ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለባለ ቻናሉ የሚደርሰው 55 በመቶ ነው። እንግዲህ ከዚህች 55 በመቶ ላይ ነው የእኔና የእሳቸው 70 እና 30 የሚቆረጠው። ድርሻ ሲባል ብዙ ገንዘብ የሚታያችሁ ሰዎች ይሄን አስቡ።

እዚህ ላይ ያልተግባባንበት ነገር ነበር። እሳቸው ዘፈኑ በስቱዲዮው ቻናል ላይ ይውጣ አሉ፤ ቻናሉ ገቢ ማግኘት ስለጀመረ ከመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ በራሴ ቻናል ይሁን አልኩ፤ የሚመጣው ሰው የእኔ አድማጭ ሆኖ እንዲቀር ነው የምፈልገው። ሁለታችንም ልክ ነበርን። በመጨረሻ በእኔ ቻናል ወጣ፣ ገንዘቡም በዚያው ልክ ይዘገያል፤ ይሄን አውቀው ተቀበሉ። አንዲት ጓደኛዬ ሌላ ቦታ ሠርታ ቻናሏ ገና ስለነበር በስቱዲዮው ቻናል አውጥታለች፣ አሁን ዘፈኗ ይታያል፣ እሷን ግን ፈልጎ የሚያገኛት የለም።

ስለ "የተጣራ ገቢ" ተጠንቀቁ። ውላቸው ላይ ድርሻው የሚሰላው ዘፈኑን የሚያሰራጨው ድርጅት የራሱን ከቆረጠ በኋላ ባለው ገንዘብ ላይ ነው ይላል፣ ሌላ ወጪ አይቀነስም። እኔ የክሊፑም ወጪ እንዲቀነስልኝ ጠይቄ ነበር። "ክሊፑ ከተቀነሰ እኔ ዕድሜ ልኬን ምንም አላገኝም" አሉኝ። ሳስበው እውነት ነው። የክሊፕ ወጪ ከቅንብሩ በላይ ሊሆን ይችላል፣ እሱ እስኪመለስ ከተጠበቀ ድርሻ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ይሄ አንቀጽ ለስቱዲዮው ያደላ ይመስላል፣ እኔ ግን ፍትሐዊ ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ትልቁ ውይይታችን ግን ስለ መድረክ ነበር። እውነቱን እንነጋገር፤ እንደኔ ያለ ዘፋኝ የሚኖረው በሰርግና በመድረክ ነው። ዘፈኑ በዩቲዩብ የሚያመጣው ትንሽ ሆኖ፣ በዘፈኑ ምክንያት የሚመጣው የሰርግ ጥሪ ግን ቤት ሊያስተዳድር ይችላል። በተለይ የእኔ ዘፈን ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጅማ ዙሪያ ካሉት ከአጋሮም ከሊሙም ይጠሩኛል። አቀናባሪው ድርሻ የያዘው ግን ከሪከርዲንጉ ላይ ነው። ማለትም ከትንሿ ገንዘብ ላይ። ጋሼ ከመድረክም ትንሽ ድርሻ ጠይቀው ነበር። አልተቀበልኩም፤ ሰርግ ላይ እስከ ሌሊት የምቆመው እኔ ነኝ፣ ባንዱን የምከፍለውም እኔ ነኝ። ግን ጥያቄያቸው ገብቶኛል፣ ከአእምሮዬም አልወጣም። እኛ አገር በድርሻ መሥራት አቀናባሪውን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው፦ ዘፈኑ የሚፈጥረው ገንዘብ ያለው እሱ ድርሻ ከሌለበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ወደ 10 በመቶ ከወረደ በኋላም እንዲቀጥል የተስማማሁት፣ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም መጠየቅ እችል ነበር።

ሂሳቡን ማን ያያል የሚለውን በደንብ አስበውበታል፣ እዚህ ላይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ዘፈንን ወደ ስፖቲፋይና ወደመሳሰሉት የሚልኩ፣ ዲስትሮኪድን የመሳሰሉ አሰራጮች ስፕሊት የሚባል አገልግሎት አላቸው፤ በመቶኛ ትሞላላችሁ፣ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ወደየራሱ አካውንት ይገባል። እኔ ለእሳቸው ስልክ እየደወልኩ "ይሄን ያህል ገባ" ማለት አይጠበቅብኝም፣ እሳቸውም እኔን መጠርጠር የለባቸውም። የዩቲዩብ ቻናል የማስታወቂያ ገንዘብ ግን እንዲህ አይከፋፈልም፣ ለባለ ቻናሉ ነው የሚመጣው። ለእሱ በየወሩ የገቢውን ገጽ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ፣ ውሉ ላይም ተጽፏል። ገንዘቡ ውጭ ባለ ዘመድ አካውንት የሚገባ ከሆነ የዘመዱ ስምና ኃላፊነት ውሉ ላይ ይግባ። ዘመድ ነው ተብሎ የተተወ ነገር ሁለት ጓደኛሞችን ሲያጣላ አይቻለሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር፣ የምንዛሪ ጉዳይ። ገቢው የሚመጣው በዶላር ነው፣ የቅንብሩ ዋጋ የተተመነው በብር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የድርሻው ጣሪያ፣ ማለትም 30 በመቶው ወደ 10 የሚወርድበት የእጥፍ ዋጋ፣ በብር የተጻፈበት ውል ቢኖር ኖሮ፣ ያው ዶላር እየገባ ስቱዲዮው ጣሪያው ላይ በግማሽ ጊዜ ይደርስና ድርሻው ይወርድበት ነበር። እሳቸው ይሄን ቀድመው አስበውበታል፣ ጣሪያው በዶላር ይጻፍ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ፍትሐዊ የሆነውን ፍትሐዊ ማለት ነው።

ሕጉንም ትንሽ እንየው፣ ምክንያቱም ድርሻ ላይ የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑ የማን ነው የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙና የዜማው ባለቤት መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ የተለየ ደግሞ የሪከርዲንጉ መብት አለ፤ ይሄ ቀረጻውን በራሱ ተነሳሽነትና ኃላፊነት ላሠራው ፕሮዲውሰር ነው። በብር ከፍለሽ ስታሠሪ ፕሮዲውሰሯ አንቺ መሆንሽ ግልጽ ነው። በድርሻ ሲሆን ግን ስቱዲዮውም "እኔ ነኝ ወጪውን የቻልኩት" ሊል ይችላል፣ ጨርሶ መሠረት የሌለው ክርክርም አይደለም። የእነሱ የመጀመሪያ ወረቀት ይሄን አይናገርም ነበር። ትልቅ ክፍተት ነው። "ሪከርዲንጉ የዘፋኟ ነው፣ ስቱዲዮው ከገቢው ድርሻ አለው" የሚል ዓረፍተ ነገር ስናስገባ ማንም አልተቃወመም፣ ግን እኔ ባልጠይቅ አይገባም ነበር። መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል የሁለት ምስክር ፊርማ ይፈልጋል። ምስክር ይዛችሁ ሂዱ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን የድምፅ ባለሙያ ልጅ ምስክር አታድርጉ።

የሬዲዮና የጥሪ ማሳመሪያ ገቢም ውሉ ላይ ይግባ። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሥራን ለንግድ የሚጠቀሙ ሮያሊቲ እንዲከፍሉ፣ ይሄንንም የጋራ አስተዳደር ማህበራት እንዲሰበስቡ መንገድ ተከፍቷል። ዛሬ በዚህ ገንዘብ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ ብላችሁ አታስቡ። ግን ሲመጣ ለማን ስንት እንደሆነ ከአሁኑ ተጽፎ ይቀመጥ።

ቅሬታዬ ጊዜው ላይ ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ለሚሄዱት ሰዎች ታማኝ አልሆንም። በድርሻ የተያዘ ሥራ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ብር ከፍሎ የመጣ ደንበኛ ይቀድማል፣ በተለይ ለአዲስ ዓመት፣ ለፋሲካና ለዒድ ነጠላ ዜማ ለማውጣት የሚጣደፈው ሲበዛ የእኔ ሚክስ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተኝቶ ነበር። ስደውል "በዚህ ሳምንት እንጨርሰዋለን" ይሉኛል፣ ሳምንቱ ያልፋል። ጋሼን አልወቅስም፣ ኪራይና የመብራት ሒሳብ በድርሻ አይከፈልም። ግን ቀን ሳይቆርጡ ሥራ መያዝ ልክ አይደለም። ዘፈኑን ላወጣበት ያሰብኩትን የበዓል ወቅት አሳልፌያለሁ፣ ለዘፈን ያ ማለት ምን እንደሆነ የሙያው ሰው ያውቀዋል። አምስተኛዋን ኮከብ የነፈግኳቸው ለዚህ ነው። አራት እሰጣለሁ።

ሌላው የትራኮቹ ጉዳይ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ የተቀዳበትን ፋይል ጠይቄ ነበር። ጣሪያው እስኪሞላ አይሰጡም፤ ሌላ ሰው ጋ ወስጄ እንደ አዲስ አሠርቼ ድርሻቸውን እንዳላስቀር ነው የሚፈሩት። ፍርሃቱን አልተቃወምኩም። ኢንስትሩመንታሉን (ድምፄ የሌለበትን ሙዚቃ ብቻ) ግን አጥብቄ ጠይቄ ተቀብያለሁ፣ ባንድ የሌለበት ሰርግ ላይ ያለ እሱ መሥራት አይቻልም። እናንተም ይሄን አትርሱ።

ለማን ይሆናል? ግጥምና ዜማው ያለቀለት፣ ድምፁ የተሞረደ፣ ብር ግን ያጠረው ሰው ይሂድ። ዘፈኑ ለቅርብ በዓል መድረስ አለበት የሚል ሰው በብር ያሠራ። ለወንድሙ ሰርግ ማስታወሻ የሚሆን ዘፈን የሚፈልግም በድርሻ ብሎ አያስቸግራቸው፣ ገቢ የሌለው ሥራ ላይ ድርሻ ምን ይሆናል? በአፋን ኦሮሞ የምትዘፍኑ ደግሞ ተስፋ አድርጉ፤ ጋሼ ለዚያ ሙዚቃ ያላቸው ጆሮ የተለየ ነው፣ ውጭ አገር ያለው አድማጭም ለዩቲዩብ ገቢ ክብደት ይሰጣል።

ሁለተኛ ዘፈኔን እዚያው ላሠራ ተስማምቻለሁ። በዚህኛው ግማሹን በብር ከፍዬ ድርሻቸው ከ30 ወደ 15 በመቶ ወርዷል፣ የማስረከቢያው ቀንም ውሉ ላይ ገብቷል፤ ካለፈ ድርሻው በየሳምንቱ 1 በመቶ ይቀንሳል። ይሄን አንቀጽ ሲያነቡ ሳቁና ፈረሙ። ቀብድ ስለያዙም ይመስለኛል ሥራው ከወዲሁ ተጀምሯል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ዴሞውን በስልክም ቢሆን ቀድታችሁ ያዙ፣ ያለ ዴሞ አያነጋግሩም። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሌላ ቀን ምረጡ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ብቻቸውን ናቸው፣ ለውል ንግግር የሚሻለው ያኔ ነው።